ከስንቱ ላይ ነው ሃያ በመቶው?

«ኬንያ ለ2025/26 የበጀት ዓመት 702.7 ቢሊዮን ሽልንግ ለትምህርት መድባለች። ከጠቅላላ በጀቷ 28 በመቶ ገደማ ነው። እናንተስ ስንት በመቶ?»

«3.3።»

«ከበጀቱ?»

«ከተፈታኙ። እኛ ሀገር ትምህርትና መቶኛ አንድ ላይ ሲነሡ ትዝ የሚለን እሱ ነው።»

ተረቡ እንዲህ ተጀመረ። ተራቢዎቹ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አንዱ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር አድጎ ልጆቹንም እዚያው የሚያስተምር፣ ለበዓል ሲመጣ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው፤ ናይሮቤው እንበለው። ሌላው ሸገሬው ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች አንዲት ወረዳ ፋይናንስ ውስጥ የመምህራን ደሞዝ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀልድ ካላወቀ አይቆይም። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ አንዱን ጆሮውን ቆንጥጠው፣ ሌላውን በስልክ ተቆጥተው አሳድገዋል። የኬንያ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ሰባትና ስምንት ስትቀንሱ ተረቡ ያመልጣችኋል።

3.3ን የማያስታውስ ካለ፦ የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017ቱ ፈተና 8.4 በመቶ ስለደረስን ሸገሬው «በሦስት ዓመት ሁለት ተኩል እጥፍ አደግን» እያለ ይኩራራል። ከመቶ ሰው ዘጠና ምናምኑ የወደቀበትን ነገር «እድገት» ብሎ መጥራት ከመቶኛ በቀር ማንም አይደፍርም።

ናይሮቤው ደስ አለው። «በኛ የ2024 ፈተና ከ962,512 ተፈታኝ 246,391ዱ ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ አምጥቶ ለዩኒቨርሲቲ በቅቷል። ሩብ በል።»

«ሩቡስ ገባ። ሦስት ሩቡን የት አደረጋችሁት?»

«ኮሌጅ፣ ሙያ ማሠልጠኛ፣ እንደየውጤቱ ነው።»

«እኛ ከወደቀውም ሬሜዲያል በሚባል ማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ አስገባን። እኛ ጋ ሰው በመውደቁ አይገለልም።»

(ለሐቁ ያህል፣ የሁለቱ አገሮች ፈተና አይወዳደርም። የማለፊያ ነጥቡም፣ አሰጣጡም ለየቅል ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ ሁለቱም ጋ ኩረጃ ሲቆለፍ ውጤት ተንዷል። ኬንያ በ2015 ከ2,600 በላይ ተማሪ ሙሉ ኤ አገኘ ተባለ፤ በማግስቱ ዓመት ፍሬድ ማቲያንጊ የሚባሉ ሚኒስትር ፈተናውን በኮንቴይነር ቆልፈው ሲያስጠብቁ ኤ ያገኘው 141 ሆነ። እኛም ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ወስደን ስንዘጋበት ያየነውን አየን።)

ናይሮቤው ወደ በጀቱ ተመለሰ። ስልኩን አወጣ። «የ2018 የፌዴራል በጀታችሁ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ለትምህርት የተባለችውን መስመር ፈልጌ አገኘኋት። በቃ ይህቺ ናት?»

«እሷማ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲዎቹ ናት። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ፌዴራል መንግሥት እምብዛም አይተዋወቀውም።»

«እስከዚያ ማን ያስተምረዋል?»

«እኔ!» አለ የወረዳ ፋይናንሱ ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ። «ፌዴራል ለክልል በድጎማ ይሰጣል፤ ክልል ለወረዳ ያከፋፍላል፤ ወረዳ ለመምህር ደሞዝ ይከፍላል፤ ከዚያ የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል።»

«ስንት ይተርፋል?»

«ስሙ።»

እዚህ ላይ እኔም ሳቅኩ። ይሁንና የሸገሬው መልስ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ያርማል። የኛን የፌዴራል በጀት ከኬንያ ብሔራዊ በጀት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «አያችሁ!» የሚል ሰው፣ አንዱን ቤት ከነዕቃው ሌላውን በረንዳውን ብቻ ገምቶ ነው የሚያወዳድረው። የኬንያ ካውንቲዎች የሚይዙት መዋዕለ ሕፃናትንና የመንደር ሙያ ማሠልጠኛዎችን ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃው የናይሮቢ ነው። የመምህሩን ደሞዝ የሚከፍለው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን፣ ቲኤስሲ የሚሉት፣ አንድ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ጋ የፌዴራሉን፣ የክልሉንና የወረዳውን ካልደመርክ ገና ትምህርት ቤት በር ላይ አልደረስክም። ሲደመር ደግሞ የኛ ድርሻ የሚያሳፍር አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ከመንግሥት ወጪ ከአምስት አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለትምህርት ሲሄድ ኖሯል።

«እና ከ702.7ቱ ቢሊዮን ውስጥ» አለ ሸገሬው የናይሮቤውን ስልክ ወስዶ፣ «387.8ቱ የቲኤስሲ ነው። ከግማሽ በላይ። ታዲያ 28 በመቶህ የትምህርት ነው ወይስ የአስተማሪ?»

«አስተማሪ የሌለው ትምህርት የት አይተህ ነው?»

«እኛ ጋ ነበረ። ፕላዝማ ይባላል።»

ፕላዝማውን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ይኖራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ይቀረጻል፤ በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ዞር ብሎ አብሮ ይመለከታል። ፕላዝማው ከመፍጠኑ የተነሣ «ደህና ሁኑ፣ በሚቀጥለው እንገናኛለን» ሲል ተማሪው ገና ርዕሱን እየጻፈ ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱን ራሱ ይመልሳል፣ «በጣም ጥሩ!» ብሎም ራሱን ያደንቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አስተማሪው አብሮ ይጠፋል።

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ጥሩ ጠባይ ግን ነበረው። ደሞዝ ጨምሩልኝ አይልም።»

ናይሮቤው በሳቅ ሲፈርስ ሸገሬው ጊዜ አልሰጠውም። «አትሳቅ፣ አንተም ላፕቶፕ አለብህ! በ2013 ምርጫ አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ሁሉ ላፕቶፕ ተብሎ አልነበር?»

«ተብሏል።»

«ልጁ ቆሞ ጠበቀ። በ2016 ሲመጣለት ላፕቶፑ በመንገድ ላይ አጥሮ ታብሌት ሆኗል። ልጁ ሦስተኛ ክፍል አልፏል፤ ታብሌቱ የአንደኛ ክፍል ነው።»

«ቢያንስ መጣ! የናንተ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ ነው ተብሎ የለም እንዴ? ስልክ የሌለው ልጅ በምን ያንብብ?»

«በተስፋ። እሱ ቻርጅ አይፈልግም።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ ደሞዝ ገቡ። ደሞዝ ላይ ተረቡ ሁልጊዜ መረር ይላል፤ ሁለቱም የሚቀልዱበት ሰው እዚያው ሶፋው ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል፤ ተቀምጠዋልም።

ናይሮቤው ቀደመ። «የናንተ መምህር ደሞዙ ከመዘግየቱ የተነሣ ከጡረታው ጋር አብሮ ይደርሰዋል።»

«የናንተ መምህር አድማ ከማብዛቱ የተነሣ ክፍል ሲገባ ተማሪው እንግዳ መጣ ብሎ ይነሣለታል።»

ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም፤ አጋነኑ እንጂ። በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ ዞኖች ደሞዝ ለወራት ዘግይቶባቸው ሥራ ያቆሙ መምህራን ነበሩ። ኬንያ ደግሞ በ2015 መምህራኑ ለአምስት ሳምንት ያህል ክፍል አልገቡም፤ ፍርድ ቤት የፈረደላቸውን ጭማሪ መንግሥት አልከፍልም ስላለ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፦ የኬንያው መምህር ያመፀው ጭማሪ ስለቀረበት ነው፣ የኛው የሠራበት ስለቀረበት።

«ደግሞ በዶላር እናውራ» አለ ናይሮቤው።

«በዶላር አናወራም።»

«ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የመምህራችሁ ደሞዝ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሳለ በግማሽ ተቆረጠ።»

«መምህሩ ዶላር አይበላም።»

«ዘይቱ ግን በዶላር ነው የሚመጣው።»

ሸገሬው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ደሞዝ መጨመሩን፣ በ2018 መግቢያም ሌላ ጭማሪ መታወጁን ማንሣት ይችል ነበር። አላነሣም። ደሞዙን የሚሠራው እሱ ስለሆነ ጭማሪው ስንት ቀን እንደቆየ ያውቃል።

የታሪክ ዙር የተከፈተው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ናይሮቤው «እኛ በ2003 ኪባኪ ሥልጣን እንደያዙ የአንደኛ ደረጃ ክፍያ አስቀሩ፤ በአንድ ዓመት ተማሪው ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን ዘለለ። ቢል ክሊንተን በሕይወት ካሉ ሰዎች ማንን ማግኘት ትፈልጋለህ ቢሉት የኬንያን ፕሬዚዳንት ነው ያለው፣ በዚሁ ምክንያት!» አለ።

«እኛ በ1986ቱ ፖሊሲ ቀድመናችሁ ነፃ አድርገናል። ሦስት ሚሊዮን እንኳን የማይሞላ የነበረውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሃያ ዓመት ከ18 ሚሊዮን በላይ አደረስነው። ክሊንተን ሰላም እንኳን አላለንም።»

«ምን ብሎ ሰላም ይበላችሁ? በፊት ለፊት ነፃ ብላችሁ በጓሮ መዋጮ አስገባችሁ።»

«ሀራምቤ ምንድን ነው ታዲያ? እናንተ መዋጮን የሀገር አርማ ላይ ጽፋችሁ የለም እንዴ!»

ይህቺ ጎል ናት። ሀራምቤ በእውነትም የኬንያ አርማ ላይ ተጽፏል፤ ከነፃነት በኋላ ሕዝቡ እየተዋጣ የሠራቸው የሀራምቤ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ተሸክመውታል። የኛው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ወላጁ ድንጋይ ያቀርባል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሁሉ የበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ በወጉ አይታይም። ሁለት መንግሥታት በመቶኛ ሲፎካከሩ፣ ከሁለቱም አገር ወላጅ ኪስ የወጣው ገንዘብ ከሜዳው ውጭ ነው የቆመው።

ናይሮቤው ሌላ ካርድ መዘዘ። «ማሩጌን ታውቃለህ? በ84 ዓመቱ፣ በ2004፣ ኤልዶሬት አንደኛ ክፍል ገባ። ጊነስ መዘገበው፤ ፊልም ተሠራለት።»

«እኛ ከ1971 ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮን ማሩጌዎችን ዛፍ ሥር አስቀምጠን ሀ ሁ አስቆጠርን። ሽልማቱን ከዩኔስኮ ወሰድን።»

«ፊልሙስ?»

«ለመሪ ተዋናይነት የመጣው ሰው በዛብን።»

«እሺ፣ በዩኒቨርሲቲስ?»

«ሮበርት ኡኮ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችሁ የነበሩት፣ የት ነው የተማሩት? እዚሁ አዲስ አበባ። ሂሳቡን ገና አልላክንም።»

ቲቸር እስካሁን ቡናቸውን እየጠጡ ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ታሪክ ከተነሣ እኔም አለኝ» አሉ። «በግንቦት 1953 እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ አገሮች ተሰበሰቡ። ዩኔስኮም ነበረ። በፈረንጅ 1980 እያንዳንዱ የአፍሪካ ልጅ አንደኛ ደረጃን በነፃና በግዴታ ይማራል ተባለ። ለዚህም ለትምህርት የሚወጣው ከአገር ገቢ 3 በመቶ ከነበረበት መጀመሪያ 4፣ በ1980 ደግሞ 6 ይገባል ተባለ። እኔ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ስድስቱ አልመጣም።»

«አሁን ግን አዲስ ዒላማ አለ፣ ቲቸር» አለ ናይሮቤው። «በፈረንጅ 2015 በኮሪያዋ ኢንቾን ከተማ የጸደቀው። ከጂዲፒ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይላል።»

«አየህ? በ54 ዓመት ውስጥ 6 የነበረው ‹ከ4 እስከ 6› ሆነ። እኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ተማሪ ሲኖር ደጋሚ እንለዋለን።»

«እና/ወይም ደግሞ ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው የሚለው» አለ ሸገሬው ለማገዝ።

«‹እና› ነው ‹ወይም›?»

«ሁለቱም ተጽፏል።»

«እንግዲህ የምታልፍበትን ጥያቄ መርጠህ መልስ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና እኔ አውጥቼ ቢሆን 1,161ዱ ትምህርት ቤት አይዋረድም ነበር።»

ሁለቱም ተራቢዎች ሳቁ፤ ቲቸር አልሳቁም። «አሁን እናንተ መልሱልኝ። ሃያም በሉ ሃያ ስምንት፣ ከስንቱ ላይ ነው?»

ቀኑን ሙሉ የተወራውን በአንድ ጥያቄ አፍ አስያዙት። እኔ ላብራራው፣ እነሱ ቡና ይጠጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከሚመረተው ከ100 ብሩ መንግሥት በግብር የሚሰበስበው በቅርብ ዓመታት ወደ 7 ብር ወርዶ ነበር። ኬንያ ከ100 ሽልንግ 14 ያህል ትሰበስባለች። ሁለቱም ከሰበሰቡት አንድ አምስተኛውን ለትምህርት ቢሰጡ፣ በመቶኛ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ሃያ በመቶ ብለው ጉባኤ ላይ ይጨበጨብላቸዋል። ገንዘቡ ግን እኛ ጋ ከመቶው 1 ብር ከ40፣ እነሱ ጋ 2 ከ80 ነው። ብድርና ዕርዳታ ሲጨመር ስሌቱ ትንሽ ይለወጣል፣ ፍሬ ነገሩ አይለወጥም። ኢትዮጵያ ለዓመታት በበጀት ድርሻ ጎበዝ፣ በጂዲፒ ድርሻ ሰነፍ ሆና የኖረችው የሚሰበሰበው ቀረጥ ትንሽ ስለሆነ ነው። በዚህ ላይ ብሩ ከተዳከመ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ኢኮኖሚ በዶላር ሲለካ ያን ያህል አይራራቅም፤ ሕዝቡ ግን እነሱ ጋ 55 ሚሊዮን ገደማ፣ እኛ ጋ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ለአንድ ልጅ ሲካፈል ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፍ አያስፈልግም።

«ታዲያ ቀረጥ ጨምሩ!» አለ ናይሮቤው።

«እናንተ በሰኔ 2024 ልትጨምሩ ስትሉ ፓርላማው ውስጥ ማን እንደገባ አይተናል። ወጣቱ ከሕንፃው ከፊሉን አቃጠለ፣ ረቂቅ ሕጉ ተመለሰ።»

«ያቃጠለውን ወጣት ያስተማርነው እኛ ነን። እዩልን ውጤታችንን!»

አሁን አንድ ነገር ልበልና ቶሎ ልለፍ፣ ተረብ የማይገባበት ስለሆነ። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። የተዘጋ ትምህርት ቤትም በበጀቱ ውስጥ መስመር አለው። ሸገሬው ስለዚህ አንድም ቀልድ አልነበረውም፤ ናይሮቤውም አልጠየቀውም።

ወደ ቆጠራ ሲገቡ ሁለቱም ነፍስ ዘሩ።

«ለአንድ ተማሪ ስንት እንደሚደርስ ለማወቅ መጀመሪያ ተማሪውን መቁጠር ያስፈልጋል» አለ ናይሮቤው። «እናንተ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝብ አልቆጠራችሁም። ያኔ የተቆጠረው ሕፃን አሁን ልጅ ወልዷል።»

«እኛ ያለውን ሰው አንቆጥርም፣ እውነት ነው። እናንተ ደግሞ የሌለውን ትቆጥራላችሁ! መዝገብ ላይ ብቻ የሚማሩ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ተገኝተው አይደለም እንዴ መንግሥታችሁ ማጣራት የጀመረው?»

«ተገኝተዋል።»

«ጠባያቸውስ?»

«ምስጉን ናቸው። አይረብሹም፤ ድጋፋቸውን ግን በየተርሙ ይወስዳሉ።»

«አይወድቁምም» አሉ ቲቸር። «እኔ በሕይወት ባለ ተማሪ ነው የተቀጣሁት። ክፍሌ ከመሙላቱ የተነሣ ስም ጠርቼ ስጨርስ ደወል ይደወል ነበር። ተረብ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለተኛው ፈረቃ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።»

የዓለም ባንክ እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ በ10 ዓመቱ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ የማይረዳው ልጅ 90 በመቶ ነው። ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ከቀሩት አስሩ ናችሁና እንኳን ደስ አላችሁ።

ፍርድ ስጥ ብትሉኝ ለናይሮቤው እሰጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን 28 በመቶው አይደለም። እዚያ አገር የተማሪው ድርሻ በቁጥር ይነገራል፤ ካፒቴሽን ይሉታል። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት 1,420 ሽልንግ፣ ለጁኒየር 15,042፣ ለሁለተኛ ደረጃ 22,244። ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ይህን ቁጥር ታውቀዋለች፤ ርዕሰ መምህሩ ትርፍ ሲጠይቃት «የመንግሥቱስ?» ብላ ትሞግተዋለች። በሐምሌ 2025 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ምባዲ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው 22,244ቱን ሙሉ ለሙሉ መክፈል አልቻልንም፣ በጀቱ የሚችለው ለአንድ ተማሪ 16,900 ገደማ ነው ሲሉ አገር ተንጫጫ። የተንጫጨው ቁጥሩን ስለሚያውቀው ነው። እኛ ጋ ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ድጎማ የለም አልልም፣ አለ፤ በተማሪ ቁጥርም ይሰላል። ነገር ግን ለልጅዋ ስንት እንደተመደበ የምታውቅ እናት ካገኛችሁ ጠቁሙኝ፤ ጉንጯን ስሜ ወረዳ ፋይናንስ እወስዳታለሁ።

ናይሮቤው ፍርዱን ሲሰማ ለመጨረሻ ጊዜ ዞረ። «22,244 ብለው ቃል ገቡልኝ፤ 16,900 ሰጡኝ። በየልጄ 5,344 ሽልንግ ጎደለኝ ብዬ ስማቸውን እየጠራሁ እሳደባለሁ። አንተስ የወረዳው ሹም፣ በልጅህ ስንት ጎደለህ?»

ሸገሬው ጣቱን መቁጠር ጀምሮ ተወው።

«እሱን ለማወቅ እኮ» አለ፣ «ሒሳብ በፕላዝማ መማር አልነበረብኝም።»